የቃልአብ እናት ስትረዳ

ለገዛኸኝ የልጁን የቃልአብን ሞት ትናንት ማታ ነገርነው። እናቲቱ ውድነሽ ግን እንደ ወጉ ሌሊቱን ትተኛ፣ ማለዳ ተሰብስበን እናርዳት ተባባልን። «አደራህን፣ ፊትህ እንዳያሳብቅ» ብዬ ለምኜው ነበር።

ማለዳ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንገባ ባልና ሚስቱ ቁርስ ላይ ናቸው። ገዛኸኝ ያጎርሳታል! ከትናንት ጀምሮ የሚያውቀው ሰውዬ!

«ውድነሽ ልጄ፣» አልኩ፣ «ቃልአብን አጣነው።»

ስትወድቅ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች።

«መቼ?» አለች።

ገዛኸኝ እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ ጆሮው ሥር ያስተከላትን የስሜት ማርገቢያ ነካ አደረገ።

«ስሜትን ከሐሳብ የሚያገናኘውን የአንጎል መስመር ዘግቼዋለሁ፣ እትዬ ዘርፌ። የእሷንም ተኝታ ሳለ ዘጋሁላት። ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«አንተ ሰው፣ እናት እኮ ናት!» ብዬ ጮኽኩበት። ደረቴን ደቃሁ። ጎረቤቶቼም እሪ አሉ።

ውድነሽ ተነስታ ወንበር አቀረበችልኝ። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችና፣

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» አለችኝ።