ሦስተኛው ፎቅ

የታችኛው በር ተዘጋ። አቶ ጎበና ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ደረጃው አቀኑ። ሐሙስ ነው፤ የቤት ሠራተኞች ከሰዓት የሚያርፉበት ቀን። የሺእመቤት እየመጣች ነው።

ሊፍቱ፣ አሻንሶሬው፣ ከተበላሸ ከርሟል። እሳቸው እስካሉበት አምስተኛ ፎቅ በእግር ነው። እሷ ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ትቆማለች፤ ግድግዳውን ይዛ ታለከልካለች። የዛሬ አራት ሳምንት እዚያው ወድቃ ያነሷት እሳቸው ናቸው። ከደርግ ሸሽተው ሮም ከመግባታቸው በፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ድሬሰር ነበሩ። ያን ቀን የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርገው ውስጡን አዩት። ነጭ ነው።

«ደም የለሽም። ሐኪም አላየሽም?»

«አይቶኛል፤ የብረት ክኒን ሰጥቶኛል። ከወር በኋላ ደግሞ ይመረምረኛል። ደሜ ካልጨመረ አሠሪዬ ሲኞራዋ ሌላ ሴት ልታመጣ ነው። ሥራው ከሄደ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴም፣ አብሮ ሄደ።»

«ጉበት ብይ።»

«በሁዳዴ? እርስዎ ደግሞ፣ ጋሼ! ምስሩን ጠግቤ እበላለሁ። ጉልበት ግን አይሆነኝም።»

«ምግቡን የደሙ ውኃ ይዞት ይዞራል። ቀዩ አየር ይሸከማል። አየር ካልደረሰው ምግቡ አይነድም፤ እንደ ታፈነ ከሰል ነው። ለቀዩ ብረት ያስፈልጋል። ክኒኑን መቼ ነው የምትውጪው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህል ስቀምስ።»

«በምን?»

«በሻይ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ በምን ይሙቅ? ጠቆር አድርጌ።»

አቶ ጎበና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሻይ እኮ ብረቱን ያስረዋል፤ ወደ ደምሽ አያስገባውም። ክኒኑንም ምስሩንም በሎሚ ውኃ። ሻዩ ሁለት ሰዓት ቆይቶ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ በጾሜ ላይ ሌላ ጾም ጨመሩብኝ!» አለች፤ እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች።

አሁን አራት ሳምንቱ ሞልቷል፤ ምርመራው ነገ ጧት ነው።

አንደኛው ፎቅ። እርምጃዋ ይሰማል። ሁለተኛው። አቶ ጎበና ከወንበራቸው ተነሡ። ሦስተኛው። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ።

ጫማዋ ቀጠለ።

«ጋሼ ጎበና!» አለች ከአራተኛው ፎቅ፤ ድምፅዋ ደረጃውን ሞላው። «ዛሬም ሎሚ ነው?»

ቢላዋውን አነሡና ሎሚውን ለሁለት ከፈሉት።