አሮጌ ቡሎን

ሟቹ ከተቀበረ ሁለት ወር ሲሞላው የትራፊክ ፖሊስ መኪናዋን ለቀቀ። ሚስቲቱ ሌላ ጋራዥ አላሰበችም። አስጎትታ በቀጥታ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋራዥ በር ላይ አስቆመቻት።

«የገጠሟት እርስዎ ነዎት» አለችው። «እርስዎ ይፍቷት። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

«እሺ» አለ መካኒኩ።

አሮጌ ናፍጣ መኪና ነበረች፤ ዕድሜዋ ከትዳራቸው ይበልጣል። ከአደጋው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሞተሯን አውርዶ እንደገና የገጠማት መካኒኩ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢየላ የሚባለው የሞተሯ ብረት ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ፤ ጎማው ተቆለፈ፤ መኪናዋ ባሏን ይዛ ከመንገድ ወጣች። ፖሊሱ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎታል። ቢየላው ለምን እንደተሰበረ ግን አልጻፈም። ሴትየዋን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መልሱን ይዛ ነው የመጣችው። መካኒኩ ቡሎን አይጥልም። ይህን የማያውቅ የለም። የጋራዡ አንድ ግድግዳ ሙሉውን ከሌላ ሰው ሞተር በተፈቱ ቡሎኖች የተሞሉ የወተት ጣሳዎች ናቸው። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በየመጠኑ ይለቅሙለታል። መካኒኩ አላገባም፣ አልወለደም፤ ጥርሱ የሚታየው ቅዳሜ ብቻ ነው ይሉታል። ባሏ ሳይቀር «ጋሼ ሲሞት ከነቡሎኑ ነው የሚቀበረው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ለወንድሙ ሲያለቅስ ያየው ሰው የለም። እሱንም ሴትየዋ ልብ ብላለች።

ቢየላ ፒስተኑን ከታች ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያይዝ፣ ከክንድ የሚያጥር ብረት ነው። ዘንጉ ላይ የሚታሰረው በሁለት ቡሎን ነው። ሞተር በተፈታ ቁጥር ሁለቱም በአዲስ መቀየር አለባቸው፤ አንዴ የተወጠረ ቡሎን ሁለተኛ አይታመንም።

መካኒኩ መደርደሪያው ላይ ሦስት የተበላሹ ቢየላዎች አሉት። ደንበኛ ሲጨቀጭቀው እያወረደ ያሳያል። አንደኛው ዘይት አልቆበት ነድዶ የጠቆረ ነው። ሁለተኛው ቡሎኑ የተበጠሰ። ሦስተኛው ጎርፍ ካቋረጠች መኪና የወጣ ነው፤ ሞተሩ ውሃ ውጦ ቢየላው እንደ ማንኪያ እጀታ ጎብጧል፤ እንዲህ የጎበጠ ጥቂት ሄዶ ይሰበራል።

«ከሦስቱ የቱ ነው?» አለች በአገጯ እየጠቆመች።

«ሳይፈታ አይታወቅም።»

«ሁለተኛው ነው» አለች።

በርጩማ አቀረበላት። አልተቀመጠችም። ካለቀሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ደስታውም ሐዘኑም አንድ ሆኖባታል። ልጆቿን ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ ጠዋት ትነሳለች።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገባና ዘይቱን በሳፋ አወረደ። በጣቱ ነክቶ አየው።

«ዘይት ነበራት።»

«አልኩ እኮ» አለች።

የሞተሩን ሆድ ከፈተ። የተሰበረው ቢየላ ግማሽ አካል ከነዝቃጩ ወጣ። መካኒኩ ከሥር ወጥቶ ጀርባውን ሰጣትና ወደ ብርሃኑ ይዞ አገላብጦ አገላብጦ አየው።

«አደጋው የደረሰ ሳምንት መኪናዋ የት የት ሄደች?» አለ ሳይዞር።

«የትም። በር ላይ ቆማ ነው የሰነበተችው። ተኳርፈን ነበር፤ አይወጣ፣ አያናግረኝ፣ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። ሲብስብኝ ለእርቅ ብዬ አጠብኩለት። ውስጧን፣ ውጪዋን፣ ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሯን ሳይቀር በውሃ ጎማ ለቅልቄ እንደ ሳህን አብለጨለጭኳት። ሲያያት ሳቀ። ያኔ ነው የታረቅነው። በነጋታው ሲያስነሳት አንዴ ጓ ብላ ቆመች። በሁለተኛው ተነሳች። ‹ጋሼ ደሞ ምን ገጥሞባት ነው› ብሎ እየሳቀ ወጣ። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው መጨረሻ። ሰምተውኛል? እሱ ራሱ ነግሮኝ ነው የሄደው።»

መካኒኩ ሰምቷል። የያዘውን ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ሥር አኖረው። ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የመፍቻው ድምፅ ትንሽ ተሰማ። ሲወጣ ሁለት ቡሎን ይዟል። ጠረጋቸው፣ አየት አደረጋቸውና ኪሱ ከተታቸው።

«ምንድን ነው የደበቁት?»

«ቡሎን ነው።»

«ያሳዩኝ።»

እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አሮጌ ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ያኔ ስገጥማት አዲስ አላስገባሁም። የድሮውን መለስኩት።»

ይህን ቃል ለመስማት ሁለት ወር ሙሉ ጠብቃለች። ስትሰማው ውስጧ የሆነ ነገር የሚፈነዳ መስሏት ነበር። ምንም አልፈነዳም። ቦርሳዋን ከመሬት አነሳች።

«ልጆቼ ሁለተኛ እዚህ አይደርሱም» አለች። «ቅዳሜ ሲሆን ያለቅሱብኛል፤ ያልቅሱ። እኔም ዓይንህን ማየት አልፈልግም።»

ካገባች ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«እሺ» አለ መካኒኩ።

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ለአንድ ቡሎን!» አለች፤ ሄደችም።

ኮቴዋ እስኪርቅ ጠብቆ ሁለቱን አዳዲስ ቡሎኖች ከኪሱ አወጣና ጣሳ ውስጥ ጣላቸው፤ በጨርቅ የጠቀለለውን ብረትም ፈትቶ መደርደሪያው ላይ ውሃ ካጎበጠው ከሦስተኛው ቢየላ ጎን አስቀመጠው።