ስኳር የቆለፈችው እናት

የሐዘን ክትባት ግዴታ ከሆነ ወዲህ ቀብር ላይ የሚያለቅስ ጠፋ። ዝምታው የከበደው መንግሥት ለቀብር ሥነ ሥርዓቶቹ አስለቃሽ ፈልጎ ጨረታ አወጣ። ማንም ሳያስተምራት ሙሾ የምታወጣው ደብሪቱ ተወዳድራ ወደቀች፤ በእሷ ፋንታ የተቀዳ ለቅሶ ሊገዛ ነው። ሙሾ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልቀረ፣ ሙያው አብሯት እንዳይቀበር ብላ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

«ናሙናዎን የሰሙ ሰዎች ስቀዋል» አሉ ሰብሳቢው አቶ ሞላልኝ። «ውድቅ የሆነው ለዚህ ነው።»

«ክትባቱ ለቅሶን እንጂ ሳቅን አይዘጋማ! እኔ በዚያ በኩል ነው የምገባው። እርስዎ ማን ሞቶብዎታል?»

«እናቴ፣ አምና።»

«ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?»

«ስኳር ትቆልፍብኝ ነበር።» ፈገግ አሉ። «እኔ ደህና ነኝ። ብቻ እስካሁን እራት ስበላ የእሷንም ሳህን አቀርባለሁ። አንሣው ያለኝ የለም።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብድግ አለች፦

«ስኳሩን ቆልፋ ቁልፉን ይዛው ሄደች፤
መራራ ሻይ ጠጪ ልጅ ጥላ ነጎደች።»

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ሞላልኝም ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ «ውይ፣ እናቴን!» ብለው ተንሰቀሰቁ።

«አይዞህ ልጄ» አለች ደብሪቱ፣ አንቱታውን ረስታ። «ይውጣልህ።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን ጠርገው «ውድቅ መደረጉ ተሽሯል» አሉ።

ቃለ ጉባኤ ያዧ ግን ወንበሯን ወደ ደብሪቱ አስጠግታ ነበር።

«እትዬ፣ የእኔ አባት ደግሞ ሲያንኮራፉ ጎረቤት ይቀሰቅሱ ነበር።»