በኪስ የተያዘ ክብደት

ነርሷ ልጅቷን ከሚዛኑ ላይ ስታነሳት ከሹራቧ ኪስ ጠጠር ዱብ አለ። ሌላም ተከተለው። ነርሷ ወደ ልጅቷ እናት ዞረች።

«ክብደቷ ካልሞላ መንግሥት ቁጠባ ደብተሯ ላይ ገንዘብ አይጨምርላትም ብላችሁን የለ?» አለች እናትየው መሬት መሬቱን እያየች። «የላይ ሰፈር ልጆች ያለ ጠጠር ይሞላላቸዋል። የኔዋ በምን ትሙላ፣ እህቴ? ነገ ትማርበት ብዬ ነው።»

ነርሷ ጠጠሮቹን ለቀመች። ሦስት ወር ሙሉ «እሰይ፣ ጨመረች!» እያለች ማህተም የመታችው ራሷ ነበረች። ለከሱ ልጆች የሚታደለው አልሚ ምግብ ከጀርባዋ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ሳለ፣ ሚዛኑን ስላመነች ለዚህች ልጅ አንዲት እሽግ እንኳ አልሰጠቻትም።

ልጅቷ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ እጇን ዘረጋች።

«መልሺልኝ» አለቻት። «ትምህርት ቤት የምገባው በነሱ ነው።»