የሰኞ ትኩሳት

አባቴ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለቱንም ግለጥ ብለውም አልሰማኝም፤ ብረት ቀጥ ማለቱ የሚፈተሸው በአንድ ዓይን ነው ይላል።

"የኔ ናቸው?"

የሱ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት ከአፍንጫው ውስጥ በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ ወስጄ፣ እዚሁ ላብራቶሪ ያሳደግኳቸው ሴሎች። በላያቸው የበቀሉት ጸጉሮች አብረው እየተወዛወዙ የገባውን ቆሻሻ ወደ ውጭ ይጠርጋሉ። ስንት ዓመት አይቻቸው አልሰለቹኝም።

ያመጣሁት ግን ለጉብኝት አይደለም። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ የሚበይድ ሁሉ የሰኞን ትኩሳት ያውቃታል። እሁድ ያረፈ በያጅ ሰኞ ጢሱን ሲስብ ውሎ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ማክሰኞ ይለምደዋል። አባቴም በያጅ ነው፤ መላ አገኘሁ ብሎ እሁድን ሰረዛት። ሳንባዬ እንዳይረሳ ጢሱን ትንሽ ትንሽ አቀምሰዋለሁ ይላል። ይኸው ሰባት ወሩ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆምና የጫማዬን ክር ልሰር ይላል። ጫማው ክር የለውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው አባቴን ቢያውቀው ኖሮ ወረቀቱን በተወው ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ከምትለው ግማሹ እውነት ነው አልኩት። ሴሎቹ ጢሱ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ በጢሱ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ የሚያስር ነገር ከራሳቸው ሠርተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ያስተማራቸው የለም።

"ጎበዞች" ይላል፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ።

ሁለተኛውን ሳህን አስገባሁለት። እነዚህም የሱ ናቸው፤ አንድ ወር ሙሉ ያለ ዕረፍት ጢሱን የቀመሱ። ጸጉሮቹ ረግፈዋል፤ ሴሎቹ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጠፍጣፋ ሆነው ተኝተዋል።

"ሞቱ?"

"አልሞቱም አባዬ። እንዳይሞቱ ብለው ነው እንዲህ የሆኑት።"

"መጥረጊያውን ጥለው ጋሻ አነሱ በይኛ።"

እኔ ይህን ለማስረዳት ሃያ ገጽ ጽፌያለሁ።

ሦስተኛው ሳህን ያንኑ ጢስ ቀምሶ በየሰባት ቀኑ ያረፈው ነው። ጸጉሮቹ እንደ መጀመሪያው አልሞሉም፤ እዚህም እዚያም ናቸው፤ ግን ይጠርጋሉ። አባቴ ይህን ሲያይ ቆየ። እኔም ለመስማት የፈለግኩትን እንዲናገር ጠበቅሁ።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የደወለው የግቢ በር ላዘዘው ሰውዬ ነው። በሩ እሁድ አይደርስም፣ ሠራተኞቼ ዕረፍት ይወጣሉ አለው። የሰውዬው ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ብቻዎን አይደል እንዴ የሚሠሩት?"

አባቴ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሶ አጎነበሰ።

"ብዙ ነን" አለው።

አሁን ሁለቱንም ዓይኑን ገልጧል።