ከመታጠቢያው አጥር ጀርባ

ጄኔባ እናቷ ያቀረበችላትን የካሳቫ ቅጠል ወጥ አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ይህን ቅጠል ከየት አመጣሽው?"

እናቷ ሐዋ ድስቱን ከደነችው።

ነጯ ዝንብ ያዛመተችው የካሳቫ በሽታ ሴራሊዮንን ካስራበ ወዲህ፣ ገበሬው የሚተክለው ከቤተ ሙከራ የወጣውን ካሳቫ ብቻ ነው። ነባሩ ዘር የተገኘበት መንደር ማሳው ሁሉ ይቃጠላል። ለዚህ ሕግ መነሻ የሆነው የጄኔባ የራሷ ምርምር ነበር። አዲሱ ካሳቫ አይታመምም፤ ቅጠሉ ግን ጣዕም የለውም።

ሐዋ ልጇን ከመታጠቢያው አጥር ጀርባ ወሰደቻት። እዚያ አንድ ተክል በአሮጌ አጎበር ተሸፍኖ ቆሟል።

"የእናቴ ዘር ነው። ደግሞ አልታመመም፤ እይው እስቲ።"

ጄኔባ ቅጠሉን ስትገለብጠው ነጫጭ ዝንቦች ብን አሉ። የተክል በሽታ መመርመሪያ መሣሪያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ ወዲያው ሕጉን ለሚያስፈጽመው ቢሮ ያስተላልፋል። ተክሉ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ሊሆን ይችላል። በሽታውን ደብቆ ይዞ አገሩን እንደገና የሚያስርብም ሊሆን ይችላል። ቦርሳውን ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች።

"ሌላ ሰው ካየው መንደሩ በሙሉ ማሳ አይኖረውም" አለችና ግንዱን በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው።

ሐዋ ጮኸች። ጎረቤታቸው ሙሱ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ተነቅሎ መሬት ላይ የወደቀውን ተክል አይታ ሐዋን አቀፈቻት።

"አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ከእኔ ጓሮ ቆርጬ እሰጥሻለሁ። በዚህ መንደር ዘሩን ያላስቀረ ማን አለ ብለሽ ነው?"

ከአጥሩ ጥግ የቆመችውን ጄኔባን ያየቻት ይህን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነበር።