የሶስና የፈተና ቀሚስ

መንትያ ልጆቼ ሶስናና ናዖድ በአእምሮ ብቃት ፈተና እኩል መቶ ስልሳ አምስት አመጡ። ናዖድ በሳምንቱ ከፍተኛው ትምህርት ቤት ገባ። የሴት ልጅ ውጤት ግን መቶ ስልሳ ካለፈ፣ እዚያ የሚደርሱ ሴቶች ጥቂት ናቸው ተብሎ፣ ሦስት ዓመት ደጋግማ ካላመጣችው አይታመንም። ናዖድ «ስህተቲቱ መጣች!» እያለ ያበሽቃታል።

ዘንድሮ ሦስተኛ ፈተናዋ ነበር። እናቷ የፈተና ቀሚሷን እጥፋት ፈትታ አስረዘመችላት።

«ከእንግዲህ የሚፈታ የለውም» አለች።

እኔም አማትቤ ሸኘኋት።

ቀትር ላይ ተመለሰች።

«እንዴት ነበር፣ እናቴ?»

«አውቄ ሳትኩ፣ አባዬ። መቶ አርባ ቢሆን ነው።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራጠሩ ይመኑኝ።»

ውጤቷ በዚያው ቀን ጸደቀ፤ ድጋሚ ተፈተኚ ያላት የለም።